በኮርቴዝ ባሕር ላይ የሚዘለው መንጋ

በሜክሲኮ ሰሜን ምዕራብ፥ እንደ ረጅም ጣት ወደ ደቡብ የተዘረጋ መሬት አለ። ባሃ ካሊፎርኒያ ይባላል። በምዕራቡ ታላቁ የሰላማዊ ውቅያኖስ፥ በምሥራቁ ደግሞ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ያዋስነዋል። የአገሩ ሰው ይህን ባሕረ ሰላጤ የኮርቴዝ ባሕር ይለዋል። ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጠባብ ባሕር ነው። በየዓመቱ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፥ በባሕሩ ደቡባዊ ክፍል፥ ላ ቬንታና በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ፊት ለፊት፥ በሺህ የሚቆጠሩ ጠፍጣፋ ዓሦች ይሰበሰቡና ከውኃው ወደ አየር መዝለል ይጀምራሉ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሣል። ውኃው እንደሚፈላ ድስት ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፥ ስማቸውን ስትሰሙ አትደንግጡ። በእንግሊዝኛ ዴቪል ሬይ ይባላሉ፤ ብንተረጉመው «የሰይጣን ሬይ» ማለት ነው። በሳንዲያጎ በቤታቸው ያስተናገዱን አንዲት እናት፥ ልናይ የምንሄደው ምን እንደ ሆነ ጠይቀውን ስሙን ብንነግራቸው፥ «ልጆቼ፥ ሰይጣን ለማየት ነው እንዴ ድንበር የምትሻገሩት? እሱ እንደ ሆነ ሳይጠሩት ይመጣል!» አሉን። ባለቤቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሌላ ስማቸው፥ ሞቡላ እያለ መጥራትን መረጠ። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ሙሉው የሳይንስ ስማቸው ሞቡላ ሙንኪያና ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ወራቱን ግን በእኛው መጻፌን ከወዲሁ ልንገራችሁ።)

ሬይ ምን ዓይነት ዓሣ ነው ለምትሉ፥ የሻርክ የቅርብ ዘመድ ነው። እንደ ሻርክ ሁሉ ጠንካራ አጥንት የለውም፤ አካሉን ደግፎ የሚይዘው በጆሯችንና በአፍንጫችን ጫፍ ላይ እንዳለው ያለ ልምአጥንት ነው። ሰውነቱ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው። ብዙዎቹ ሬዮች በባሕር ወለል አሸዋ ላይ ተጋድመው የሚውሉ ናቸው። የሞቡላ ወገን ግን ወለሉን ትቶ በመካከለኛውና በላይኛው ውኃ ይኖራል። ግራና ቀኝ የተዘረጉትን ክንፎቹን እንደ ወፍ እያርገበገበ ነው የሚሄደው፤ «ይዋኛል» ከምንል «ይበርራል» ብንል ይቀርባል። ደግሞም ማረፍ አይችልም። የሚተነፍሰው ወደ ፊት እየሄደ ውኃውን በአፉ አስገብቶ በስንጥቡ በማሳለፍ ስለ ሆነ፥ ቆመ ማለት ታፈነ ማለት ነው። ቀንም ሌሊትም ይሄዳል።

ከዚህ ወገን ትልቋ ማንታ የምትባለው ስትሆን፥ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ሰባት ሜትር ልትደርስ ትችላለች። የላ ቬንታናዋ ሞቡላ ከወገኖቿ ሁሉ ከትንንሾቹ አንዷ ናት፤ ስፋቷ አንድ ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው። ጀርባዋ ጥቁር ግራጫ፥ ሆዷ ነጭ ነው። የምትኖረውም ከዚሁ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ጀምሮ በማዕከላዊ አሜሪካ ዳርቻ እስከ ፔሩ ድረስ ባለው ውኃ ብቻ ነው። በቀይ ባሕርም ማንታና ሌሎች የሞቡላ ዘመዶች አሉ። ይህችን ለማየት ግን እስከዚያ መሄድ ግድ ነው።

እኛ የሄድነው ባለቤቴ በሳንዲያጎ ላሉ ወገኖቻችን የባልና ሚስት ሴሚናር እንዲያገለግል ተጋብዞ ሳለ፥ በግንቦት ወር ነው። አገልግሎቱ ሲያበቃ አራት ቀን ተረፈን። ከሳንዲያጎ ድንበሩን ተሻግረን ቲዋና ገባን፤ ከዚያ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ በረርንና ላ ፓዝ ደረስን። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ስለ ነበረን ሌላ የሜክሲኮ ቪዛ አልተጠየቅንም። ሕግ ይለወጣልና እናንተ ግን ሳትጠይቁ እንዳትነሡ።

ላ ፓዝ በስፓንኛ «ሰላም» ማለት ነው። ባሕሩ ዳር ረጅም የእግር መንገድ አለ፤ ማታ ማታ ቤተሰብ ሁሉ ወጥቶ አይስክሬም እየላሰ ይመላለስበታል። ይህች ከተማ በአንድ ወቅት በዕንቁ የታወቀች ነበረች። ጠላቂዎች የዕንቁውን ዛጎል ከባሕሩ ወለል እየለቀሙ ያወጡ ነበር። ሰው ለቀመ፥ ለቀመ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም የሚለቀም ጠፋ። ከተማው ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም።

ከላ ፓዝ እስከ ላ ቬንታና በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። መንገዱ በረሃ ነው፤ ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚበልጡ ቁልቋሎች እንደ ዓምድ ቆመዋል። አፋርን ያየ ሰው ይህን አገር ሲያይ አይገረምም። ነገሩም የአጋጣሚ መመሳሰል ብቻ አይደለም። የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የተፈጠረው መሬት ተሰንጥቆ ሲከፈት ባሕር ስለ ገባበት ነው፤ ቀይ ባሕርም እንዲሁ ነው፤ አፋርም ዛሬ በመሰንጠቅ ላይ ያለ ምድር ነው። ባለቤቴ «ባሕር የገባበት አፋር» ብሎ ጠራው፤ ልክ ነው።

ላ ቬንታና ማለት መስኮት ማለት ነው። በክረምታቸው ከሰሜን የሚነሣ ብርቱ ነፋስ በዚህ መስኮት ይገባል። ይህ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ገፍቶ ሲወስደው፥ ከታች ቀዝቃዛና ምግብ የበዛበት ውኃ በቦታው ይወጣል። በዚያ ምግብ ፕላንክተን የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ወይም በጭንቅ የሚታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይራባሉ። ፕላንክተኑን ጥቃቅን ሽሪምፖች፥ ሽሪምፖቹን ደግሞ ሞቡላዎች ይበላሉ። በረሃው አንዳች የማያበቅል መስሎ ሳለ፥ ከእርሱ በመቶ እርምጃ ርቀት ያለው ውኃ በዓለም ካሉት ባሕሮች ሁሉ እጅግ ከለሙት አንዱ መሆኑ ያስደንቃል።

ጀልባ የምንነሣው ገና ሳይነጋ ነበር። ካፒቴኑ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፥ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው ያስተረጉማል። ጀልባዋ ፓንጋ የሚሏት፥ ጣሪያ የሌላት፥ ባለ አንድ ሞተር ናት። መዋኘት በደንብ ስለማልችል ተንሳፋፊ ሰደርያዬን ገና ከዳር አጥብቄ አሰርሁ። አንድ ሰዓት ያህል ስንሄድ ምንም አላየንም። ካፒቴኑ ግን ውኃውን ሳይሆን አየሩን ነበር የሚያዩት፤ ወፎች የት እንደሚያንዣብቡ። ከዚያ ሞተሩን አጠፉትና እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «ስሙ» አሉን።

ጧ! ጧ! ጧ! ከሩቅ፥ ብዙ ሰው በአንድነት ሊጥ በሰሌዳ ላይ እንደሚመታ ያለ ድምፅ መጣ። የአካባቢው አጥማጆች እነዚህን ዓሦች ቶርቲያ ብለው ይጠሯቸዋል። ቶርቲያ የሜክሲኮ ሰው በየማዕዱ የሚበላው ስስ ቂጣ ነው። ሞቡላዋ ወደ ላይ ተስፈንጥራ፥ በአየር ላይ ክንፎቿን ሁለት ሦስት ጊዜ አርገብግባ፥ በሆዷ ውኃው ላይ ስትጠፈጠፍ፥ በእውነትም በእጅ የሚጠፈጠፍ ቂጣ ትመስላለች። ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዘሉ አሉ። አንዳንዶቹ በአየር ላይ ይገለበጣሉ። የወጡት በልዩ ልዩ አቅጣጫ ስለ ሆነ፥ «ይኸው እዚያ!» ብለን ጣታችንን ስንቀስር ያቺ ወድቃ ሌላዋ ተነሥታለች።

በዚያ ቀን ያየሁት የላይኛው ትርኢት ከታችኛው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው። የመዋኛ መነጽር አድርጌ የልጅ ልጁን እጅ ይዤ ውኃ ውስጥ ፊቴን ደፋሁ። መጀመሪያ ሰማያዊ ብቻ ነበር። ከዚያ ከታች በኩል ጨለማ የመሰለ ነገር መጣ፤ ደመና መስሎኝ ነበር። ደመናው ቀረበና ክንፍ ሆነ። በላይ በላይ ተደርበው፥ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፥ ሁሉም በአንድ ፍጥነት፥ ሳይነካኩ ያልፋሉ። አንዷ ስትዞር ሁሉም ይዞራሉ፤ የዞሩ እንደ ሆነ ነጭ ሆዳቸው ብልጭ ይልና መንጋው በሙሉ ቀለሙን ይለውጣል። መጨረሻቸው አይታይም። አንድም ድምፅ የለም። ከላይ ያ ሁሉ ጩኸት፥ ከታች ይህ ሁሉ ጸጥታ። ልቆጥራቸው አልሞከርሁም። ባለቤቴ ግን ነገሩ ሁሉ መቁጠር ስለ ሆነ ሁለት መቶ ሲደርስ እንደ ጠፋበት ነገረኝ፤ መንጋው ከዚያ በኋላ ደቂቃዎች አለፈ።

አሁን ወደ «ሰይጣን» ስማቸው ልመለስ። ስሙ የወጣላቸው በራሳቸው ግራና ቀኝ ሁለት ቀንድ የሚመስል ነገር ስላላቸው ነው። የጥንት መርከበኞች ቀንድ ያየ ዓይናቸው ወዴት እንደ ሄደ ለመገመት አይከብድም። ነገር ግን ያ «ቀንድ» ቀንድ አይደለም፤ የክንፉ ክፍል ነው። በሌሎቹ ሬዮች ክንፉ እስከ ራስ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ሲቀጥል፥ በሞቡላና በማንታ የክንፉ የፊት ክፍል ተለይቶ ወጥቶ ለብቻው የሚታጠፍና የሚዘረጋ ሆኗል። ስትዋኝ ተጠቅልሎ ጠበብ ይላል፤ ቀንድ የሚመስለውም ያን ጊዜ ነው። ስትመገብ ይዘረጋና በአፏ ፊት እንደ ሁለት መዳፍ ሆኖ ውኃውን ወደ ውስጥ ይመራላታል። የሚያስፈራው ቀንድ፥ ማንኪያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ይህች ሞቡላ በጅራቷ መርዘኛ እሾህ የላትም። ሰው የሚነክስ ጥርስም የላትም። ምግቧ በአብዛኛው ማይሲድ የሚባሉ፥ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ሽሪምፕ መሳዮች ናቸው። አፏን ከፍታ በመካከላቸው ስታልፍ ውኃው በስንጥቧ በኩል ይወጣል፤ ምግቡ በስንጥቡ ላይ ባሉት ወንፊት መሰል ሳህኖች ይቀራል። እናቶች ይህን ጉዳይ ትረዱታላችሁ፤ እርጥብ ዱቄት በወንፊት የነፋ ሰው ወንፊቱ ምን ያህል እንደሚደፈን ያውቃል። በ2018 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በትልቋ ዘመዳቸው በማንታ ላይ ይህን ጥያቄ መርምሮ ነበር። ምግቡ በቀዳዳው መጠን የሚያዝ ሳይሆን፥ የሳህኑን ጠርዝ ነክቶ እየነጠረ ወደ ጉሮሮ እንደሚሄድ፥ ውኃው ብቻ ተለይቶ በቀዳዳው እንደሚያልፍ ተገኘ። ስለዚህ ከቀዳዳው ያነሰ ምግብ እንኳ አያመልጥም፤ ወንፊቱም አይደፈንም። መሐንዲሶች ይህን ዘዴ ለውኃ ማጣሪያ እንጠቀምበት ይሆን ብለው ማሰባቸው አያስገርምም።

የሳይንስ ስማቸው አወጣጥም ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጁዜፔ ኖታርባርቶሎ ዲ ሻራ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ በዚሁ በላ ቬንታና አካባቢ አጥማጆች ወደ ዳር የሚያወጧቸውን ሞቡላዎች ያጠና ነበር። ሲለካና ሲመረምር፥ ትንሿ ሞቡላ የሌሎቹ ልጅ ሳትሆን ራሷን የቻለች፥ እስከዚያ ቀን በሳይንስ ያልታወቀች ዓይነት መሆኗን ተረዳ። በ1987 ዓ.ም. ይህንኑ ሲያሳውቅ፥ ስሙን በመካሪው በዋልተር መንክ ሰየመው። መንክ በ1917 ዓ.ም. በቪየና ተወልደው በሳንዲያጎ ላ ሆያ በሚገኘው በስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ ሊቅ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ሞገድ አስቀድሞ የሚተነበይበትን ዘዴ ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር አዘጋጅተው ነበር፤ በ1944 ዓ.ም. የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ዳርቻ ሲወርዱ ቀኑ የተመረጠው በዚሁ ዘዴ እየታገዙ ነው። የእኚህ ሰው ስም በአንድ ሜትር ዓሣ ላይ ይኖራል። በ2019 ዓ.ም. በ101 ዓመታቸው አርፈዋል።

ለምን ይዘላሉ? ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ጎብኚ የለም፤ ካፒቴኑም ስንጠይቃቸው ትከሻቸውን ከፍ አድርገው «ደስ ስለሚላቸው» አሉ። ሊቃውንቱም በአንድ መልስ አልተስማሙም። ከቆዳቸው ላይ የተጣበቁ ጥገኛ ነፍሳትን ለማራገፍ ነው የሚሉ አሉ። ድምፁ በውኃ ውስጥ ሩቅ ስለሚሰማ እርስ በርስ ለመጠራራት ነው የሚሉም አሉ፤ ወንዱ ሴቷን ለመማረክ ነው የሚሉም እንዲሁ። ወንዶቹም ሴቶቹም ስለሚዘሉ የመጨረሻው ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። እኔ ከሁሉ የመጠራራቱ ሐሳብ ይስበኛል። ጧታው ሲጨምር መንጋው ሲበዛ አይቻለሁና። የአንድ ቀን ምስክር ግን ምስክር አይባልም።

ስለ መሰብሰባቸው ግን ብዙ ተደርሶበታል። በዚህ ወቅት የሚገናኙት ለመጋባትም ነው። ወንዶቹ አንዲትን ሴት ይከተላሉ፤ ስትወጣ ይወጣሉ፥ ስትታጠፍ ይታጠፋሉ፥ ፍጥነቷን ስትጨምር ይጨምራሉ። ይህ መከታተል ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል፤ የደከመው ይቀራል። እስከ መጨረሻው የዘለቀው የክንፏን ጫፍ በአፉ ይይዛል፤ ከዚያ ሆድ ለሆድ ይገናኛሉ። በሴሚናሩ ላይ ስለ እጮኝነት ሦስት ሰዓት የተናገረ ባለቤቴ፥ ይህን ሲሰማ «በአንድ ጥዋት ይህን ያህል ካሳዩን እኔ ለምን ደከምሁ?» ብሎ አሳቀኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእናቲቱ ድርሻ ነው። ዓሣ ሲባል እንቁላል የሚጥል ይመስለናል። ሞቡላ ግን በማህፀኗ ፀንሳ ሕይወት ያለው ልጅ ትወልዳለች። ፅንሱ እትብት የለውም፤ ከማህፀኗ ግድግዳ የሚመነጭ ስብና ፕሮቲን የበዛበት፥ ሊቃውንቱ «የማህፀን ወተት» የሚሉት ፈሳሽ ይመገባል። አንድ ዓመት ገደማ ትሸከመዋለች። ሲወለድ ክንፎቹ እንደ ጥቅል ወረቀት ተጠቅልለው ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ይዘረጉና ወዲያው መዋኘት ይጀምራል፤ ቆሞ የሚማርበት ጊዜ የለውምና። ስፋቱ አንድ ክንድ አይሞላም። ልጁ አንድ ብቻ ነው። መንታ የለም፤ አንድ እናት፥ አንድ እርግዝና፥ አንድ ልጅ።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዝዋይ ወይም የሐዋሳ ቆሮሶ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል፤ ሐይቁ ሲጎዳ በጥቂት ዓመት መልሶ ሊሞላ ይችላል። ሞቡላ ይህን አትችልም። ለመውለድ የሚደርሱት ወደ አንድ ሜትር ሲያድጉ ነው፤ ከደረሱም በኋላ አንድ አንድ እያሉ ነው። ሆኖም ያንን መንጋ ከላይ ያየ ሰው «ይህ መቼም አያልቅም» ብሎ ያስባል። በዓይኔ ሳያቸው እኔም ብዛታቸውን እንጂ ሌላ አላሰብሁም። መንጋው ብዙ የመሰለው ከሰፊ ባሕር ተሰብስቦ በአንድ ስፍራ፥ በአንድ ወር ስለ ተገኘ ነው። ለዓሣ አጥማጅ ደግሞ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም፤ አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የብዙ ዓመት ልደትን ይዞ ይወጣል።

ካፒቴኑ ይህን አልሸሸጉንም። በወጣትነታቸው ሞቡላ ያጠምዱ ነበር። ሥጋው ይደርቅና ይፈተፈታል፤ ማቻካ ይሉታል፤ እንደ እኛ ቋንጣ ያለ ነው። «በዚያን ጊዜ ፓንጋዋ ትሞላና የቀረውን ጥለን እንመለስ ነበር» አሉ። እንደ ኀፍረትም እንደ ኩራትም አልተናገሩትም፤ የሆነውን እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገሩት። ልጆች ነበሯቸው፥ ልጆቹ መብላት ነበረባቸው። በ2007 ዓ.ም. የሜክሲኮ መንግሥት ማንታንና ሞቡላን ማጥመድን ከለከለ። ብዙዎቹ ተቆጡ፤ ጥቂቶቹ በስውር ቀጠሉ። ዛሬም ለሌላ ዓሣ በተዘረጋ መረብ የሚገቡ አሉ፤ መሄድ የማይችል ሞቡላ መተንፈስ ስለማይችል መረቡ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል። በሰፊው ውቅያኖስም ቱና የሚያጠምዱ ትልልቅ መርከቦች በከረጢት መረባቸው አብረው ያወጧቸዋል።

ሌላም ገበያ አለ። የሞቡላና የማንታ የስንጥብ ሳህኖች ደርቀው በደቡብ ቻይና፥ በተለይ በጓንጁ፥ ለሰውነት ማጠንከሪያና ለደም ማጽጃ እየተባሉ ይሸጣሉ። ወንፊቱ ውኃውን ካጣራ ደምንም ያጣራል የሚል ግምት ይመስላል። ፈዋሽነቱን ያሳየ ማስረጃ የለም። በ2016 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡ መንግሥታት የሞቡላ ዓለም አቀፍ ንግድ በቁጥጥር ሥር እንዲሆን ተስማሙ፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በሳማርካንድ ጉባኤ ንግዱን ጨርሶ ወደሚከለክለው መዝገብ አሸጋገሩት። የላ ቬንታናዋ ትንሿ ሞቡላ ለአደጋ ከተጋለጡት ዝርዝር ውስጥ ናት።

በማግስቱ ወደ ደቡብ ተጉዘን ካቦ ፑልሞ የምትባል ትንሽ መንደር አየን። ስለዚህች መንደር ባልጽፍ ሚዛን ይጎድላል። የዚያ ሰዎችም አጥማጆች ነበሩ፤ ባሕራቸው እየተራቆተ ሲሄድ አይተው ራሳቸው ማጥመዱን ለመተው ተስማሙ፤ በጥያቄያቸውም ስፍራው በ1995 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ፤ መረቡ ተሰቅሎ ጎብኚው ገና አልመጣም። ተመራማሪዎች ከ1999 እስከ 2009 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የዓሣውን ክብደት ሲለኩ በ463 በመቶ አድጎ አገኙት። እዚያ ደግሞ ከላ ቬንታና የምናያቸው ሞቡላዎች ይታያሉ፤ ክንፍ ላለው ድንበር የለውም። መንደሯ አሁንም አስፋልት የሌላት አቧራማ መንደር ናት። ትልልቅ ሆቴል እንሥራ ያሉ መጥተው ነበር፤ ነዋሪዎቹ ተሟግተው መልሰዋቸዋል።

በሌላ በኩል ጎብኚ መሆናችንም ዋጋ አለው። በሁለተኛው ቀን በላ ቬንታና መንጋው አጠገብ ስድስት ጀልባዎች ቆጠርሁ። አንዷ በሙሉ ፍጥነት መንጋው መካከል ገባች፤ ሰዎቹ ፎቶ ለማንሣት እየተጋፉ ዘለሉ፤ መንጋው ተሰንጥቆ ወደ ጥልቅ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ምንም አላየም። የእኛ ካፒቴን ግን ከሩቅ ሞተር ያጠፋሉ፥ መንጋው የሚሄድበትን ገምተው ከፊቱ ይቆሙና ራሱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ስለዚህ በካሊፎርኒያ ያላችሁና ለመሄድ የምታስቡ ቤተሰቦች ካላችሁ፥ ከዋጋው በፊት ካፒቴኑ እንዴት እንደሚቀርብ ጠይቁ። ሕፃናት ካሉ ማለዳው ይሻላል፤ ከረፋዱ በኋላ ነፋስ ይነሣል፥ ጀልባዋም ታናውጣለች። ዝንጅብል ይዛችሁ ሂዱ።

በላ ፓዝ አጠገብ እስፒሪቱ ሳንቶ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ትርጉሙ መንፈስ ቅዱስ ማለት ነው። በሳንዲያጎ ላሉት እናት ስመለስ መጀመሪያ የነገርኋቸው ይህንኑ ነው፤ ሳቃቸውን ለቀቁት። ማታ ማታ ጀልባዎች በደሴቶቹ ጥግ ቆመው መብራት ወደ ውኃው ያወርዳሉ። ፕላንክተኑ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባል፥ ሞቡላዎቹም ይከተላሉ፤ በብርሃኑ ዙሪያ እየተገለበጡ ይበላሉ። ባለቤቴ ገባ፤ እኔ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተደፍቼ አየሁ።

ከእነዚሁ ደሴቶች በአንዱ ኤንሴናዳ ግራንዴ የሚባል ጥልቀት የሌለው የባሕር ጥግ አለ። ተመራማሪዎች ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሞቡላዎችን ሳይገድሉ እየያዙ፥ እየለኩ፥ ምልክት እያሰሩ ሲለቅቁ ቆይተው በ2021 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት፥ ይህ ስፍራ የአራስና የታዳጊ ሞቡላዎች ማሳደጊያ መሆኑን አሳየ። ለዚህ ዓይነት ሞቡላ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ውኃው ረጋ ያለ ነው፤ ኦርካና ትልልቅ ሻርኮች ከሚያድኑበት ጥልቅ ባሕር የተጠለለ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ያረገዙት እናቶች በዚያ አካባቢ ይታያሉ። ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ትናንሾቹ ይመጣሉ። በነሐሴ ሙቀቱ አይቻልም፥ የማዕበልም ወራት ነው፤ ጎብኚ የለም፥ ብዙዎቹ ጀልባዎችም ከውኃ ወጥተው አሸዋው ላይ ይቆማሉ። አንድ ክንድ የማይሞሉት ሞቡላዎች እስከ ሚቀጥለው የጸደይ ወራት ድረስ በዚያ ጥግ ይዞራሉ።